አንዱ ጡት ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፦ ወተቱ ለምን ይበላለጣል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

ሁለት ጡቷ ልክ እኩል የሆነ እናት ብዙም የለችም። ከእርግዝና በፊትም ቢሆን ትንሽ መበላለጥ የተለመደ ነው፤ ማጥባት ሲጀመር ደግሞ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። አንዱን ጡት ስታልቢው 90 ሚሊ ሊትር ሰጥቶሽ ሌላው 40 ብቻ ቢሰጥ በሽታ አይደለም። ልጅሽ ክብደቱ በደንብ እየጨመረ እስከሆነ ድረስ ጉዳዩ የመልክና የምቾት እንጂ የጤና አይደለም። ልዩነቱ በድንገት ከመጣ፣ ልጁ አንዱን ጡት እምቢ ካለ፣ ወይም ትንሹ ጡት ከሳምንት ሳምንት እየጎደለ ከሄደ ግን ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜም ምክንያቱ ይገኛል፤ ይስተካከላልም።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ መልሺ፦ ያነሰው የሁለቱም ጡት ወተት ነው ወይስ የአንዱ ብቻ? ቀሪው ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ይወሰናል። ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን በደም ተጉዞ ሁለቱም ጡቶች ዘንድ እኩል ይደርሳል። ወተቱን ገፍቶ የሚያወርደው ኦክሲቶሲንም እንደዚሁ ነው፤ ልጁ ቀኙን ሲጠባ ግራው ልብስሽን የሚያርሰው ለዚህ ነው። ሆርሞኑ ለሁለቱም እኩል ከደረሰ ልዩነቱን የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ የእያንዳንዱን ጡት ምርት በዋናነት የሚወስነው ከዚያው ጡት የሚወጣው ወተት ነው። ጡት ውስጥ ሞልቶ የቆየ ወተት የዚያኑ ጡት ምርት ያቀዘቅዛል፤ ቶሎ ቶሎ የሚጠባ ጡት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይተካል። ሁለቱ ጡቶች በዚህ ረገድ አይተዋወቁም።

ስለዚህ የሁለቱም ወተት አብሮ ከቀነሰ ጉዳዩ ያለው በመላው ሰውነትሽ ወይም በአጠባብሽ ላይ ነው፦ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ማህፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን፣ ስዩዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት፣ ወይም በሁለት መጥባት መካከል ረጅም ሰዓት መቆየት። ያነሰው አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ምክንያቱ ያለው ወይ በዚያ ጡት ላይ፣ ወይ ልጁ እዚያ ጡት ላይ በሚያዝበት ሁኔታ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ የአራስ ወተት አነሰ ከተባለ መጀመሪያ የሚቀርብላት አጥሚት ነው፤ ቀጥሎ የአብሽ ውሃ፣ ከዚያ ገንፎ። አራስ በደንብ መብላትና መጠጣት አለባት፤ የምታጠባ እናት በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ አጥሚቱም ገንፎውም ለዚህ ጥሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የጠጣሽው አጥሚት ግራውን ጡት ለይቶ አያውቅም። አንዱ ጡት ብቻ አንሶ ሳለ በአጥሚት ሊስተካከል ሲሞከር የሚጠፋው ጊዜ ያሳዝነኛል፤ ያ ጡት በዚያው ጊዜ ሳይጠባ እየዋለ ይበልጥ ይቀንሳልና። ስለ አብሽም አንድ ነገር ልጨምር፦ የደም ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል የስኳር መድኃኒት የምትወስድ እናት ሐኪሟን ሳታማክር አብዝታ እንዳትጠጣ።

ወደ ምክንያቶቹ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንዱ አልጋው ነው። አልጋው ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ ልጁ እንዳይወድቅ በግድግዳው በኩል ይተኛል፤ እናት ወደሱ ዞራ በአንድ ጎኗ ታድራለች። ሌሊቱን ሦስት አራት ጊዜ የሚጠባው ያንኑ ከታች ያለውን ጡት ነው። ፕሮላክቲን ደግሞ በሌሊት ከፍ ስለሚል የሌሊት መጥባት ለምርቱ ትልቅ ድርሻ አለው። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ የአልጋው ጡት እያደገ፣ ሌላው እያነሰ ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ ሌሊት ትራስሽን ከራስጌ ወደ ግርጌ አዙሪው። ልጁ እንደነበረው በግድግዳው በኩል ሆኖ አንቺ በሌላው ጎንሽ ትተኛለሽ፤ ያን ሌሊት ተራው የትንሹ ጡት ይሆናል።

የእጅ ልማድም እንደዚሁ ነው። ቀኝ እጇን የምትጠቀም እናት ቀኟ ነፃ እንዲሆንላት ልጁን በግራ ክንዷ መታቀፍ ይቀናታል፤ ስልክ ሲጠራ፣ ውሃ ስትጠጣ፣ እንግዳ ሲመጣ ልጁ የሚሰጠው ግራው ጡት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ልብ ብለሽ ቁጠሪ፤ ልዩነቱ ከገመትሽው በላይ ሊሆን ይችላል። የቱን ጡት እንዳጠባሽ ላለመርሳት በጡት መያዣሽ ማንገቻ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክተሽ፣ ባጠባሽ ቁጥር ወደሚቀጥለው ተረኛ ጎን ማዛወር ነው። ከስልክ ማስታወሻ ይልቅ ይኼ ይመቻል፤ በጨለማም በጣት ይዳሰሳልና።

ልጁ ራሱ አንዱን ጎን የሚጠላበት ጊዜም አለ። በቫኩም (ጭንቅላቱን ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ) የተወለደ ልጅ ጭንቅላቱ ላይ እብጠት ካለ፣ በወሊድ ጊዜ ከአንገቱ ስር ወደ ትከሻው የሚሄደው አጥንት ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ወይም የአንገቱ ጡንቻ በአንድ ጎን ተኮማትሮ ጭንቅላቱን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚያዞር ከሆነ፣ በዚያኛው ጎን ሲያዝ ያመዋል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ጭኑ ላይ ክትባት ሲወስድም የተወጋው እግር በተጫነ ቁጥር እየጮኸ ጡቱን ይለቃል፤ ይኼ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል። የጆሮ ሕመምና የታፈነ አፍንጫም እንደዚሁ ያደርጋሉ። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ልጁ ጡቱን ሳይሆን አያያዙን ነው የሚጠላው።

ይኼን ለማረጋገጥ የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ። ልጁን በሚወደው ጡት ጀምሪው። ወተቱ ወርዶ መዋጥ ሲጀምርና ሰውነቱ ሲለሰልስ ጡቱን አስለቅቂውና፣ ሳታዞሪው፣ እንደተኛ ወደ ሌላው ጡት አንሸራትቺው። እግሩ በብብትሽ ስር ወደ ኋላ ያልፋል፤ ጭንቅላቱን በመዳፍሽ፣ ጀርባውን በክንድሽ ደግፊ፤ ከክንድሽ ስር ትራስ አድርጊ። ልጁ የሚያውቀው ያንኑ የለመደውን አተኛኘት ነው። በዚህ አያያዝ ከጠባ ችግሩ ጡቱ ጋ አልነበረም። አንገቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞር ልጅ ግን ለሕፃናት ሐኪም መታየት አለበት፤ ቀደም ብሎ በተጀመረ የአንገት እንቅስቃሴ በደንብ ይስተካከላል።

ጡቱ ላይ ካሉ ምክንያቶች ዋነኞቹ ጠፍጣፋ ወይም ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ የተሰነጠቀና የሚያም ጫፍ፣ እንዲሁም የወተቱ ፍጥነት ናቸው። አንዳንዱ ልጅ ቀስ ብሎ የሚወርደውን ጡት አይታገስም፤ አንዳንዱ ደግሞ በኃይል የሚፈሰው ትልቁ ጡት ስለሚያስለው ትንሹን ይመርጣል። ጡት ሲቆጣና ኢንፌክሽን ሲይዘው ወተቱ ጨው ጨው ይላል፤ ልጁም ለጥቂት ቀናት ሊተወው ይችላል። ከዚህ ቀደም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ መግል የወጣለት፣ ወይም በልጅነት በእሳት ወይም በፈላ ውሃ የተቃጠለ ጡት የወተት ቱቦዎቹ ወይም ነርቮቹ ተጎድተው ከሆነ አቅሙ ውስን ነው። በእርግዝናም ሆነ ከወሊድ በኋላ ምንም ሳይለወጥ፣ ሳያጋት የቀረ ጡት ካለም ወተት አምራች እጢው ከመጀመሪያው አነስተኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጡት ላይ ማሻሻል ይቻላል እንጂ ከሌላው ጋር እኩል ማድረግ አይጠበቅም፤ እናትም በዚህ ራሷን ልትወቅስ አይገባም።

ትንሹን ጡት ማሳደግ ከፈለግሽ እንዲህ አድርጊ። ልጁ ርቦት ግን ገና ሳያለቅስ፣ እጁን ወደ አፉ ሲያመጣና አፉን ሲከፍት፣ በትንሹ ጡት ጀምሪ፤ ጠንክሮ የሚጠባው መጀመሪያ ላይ ነውና። የወተቱ መዘግየት የሚያናድደው ልጅ ከሆነ ከማጉረስሽ በፊት ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ጡትሽ ላይ አድርጊና ጠብታው እስኪመጣ በእጅሽ ጥቂት እለቢ። ይኼም ካልሠራ በትልቁ ጀምረሽ የመጀመሪያው ረሃብ ሲበርድ ወደ ትንሹ አዛውሪው። ሲጠባ ጆሮሽን ስጪ፦ እየዋጠ ከሆነ ጥሩ፤ መዋጡን ትቶ መላስና ማንቀላፋት ሲጀምር አውራ ጣትሽን ከጡቱ በአንድ ወገን፣ አራቱን ጣቶች በሌላው ወገን ከደረት አጠገብ አድርገሽ ሳታሳምሚ ጭመቂና ያዢ። መዋጥ ይጀምራል። ሲያቆም ልቀቂ፣ ቦታ ቀይሪና ድገሚ። ጡቱን በራሱ ሲለቅ ሌላውን ስጪው፤ ከዚያም ፈቃደኛ ከሆነ ወደ ትንሹ መልሺው።

ከዚህ በተጨማሪ በቀን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ፣ ልጁ ከጠባ በኋላ፣ ትንሹን ጡት ብቻ ለ10 ደቂቃ ያህል እለቢ፤ ከነዚህ አንዷ በሌሊት ወይም ንጋት ላይ ብትሆን ይመረጣል። ጠብታው ቢያቆምም ሁለት ደቂቃ ቀጥዪ፤ ዋናው ነገር የወጣው ወተት መጠን ሳይሆን ለጡቱ የሚደርሰው ጥሪ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢወጣ ተስፋ አትቁረጪ። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ውስጥ መታየት ይጀምራል፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ግን ሳታቋርጪ ሞክሪው።

በእጅ ማለብን ማወቅ ለዚህ ሁሉ መሠረት ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፤ አፈ ሰፊ ንጹህ ኩባያ ያዢ። አውራ ጣትሽን ከጡቱ ጫፍ በላይ፣ አመልካች ጣትሽን ከታች፣ ሁለቱንም ከጫፉ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀሽ አስቀምጪ። መጀመሪያ ቀጥታ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ሁለቱን ጣቶች አገናኝተሽ ጭመቂ፣ ልቀቂ። ግፊ፣ ጭመቂ፣ ልቀቂ። ጣቶችሽ በቆዳው ላይ መንሸራተት የለባቸውም፤ ከተንሸራተቱ ቆዳው ይላጣል፣ ወተትም አይወጣም። ጫፉን ራሱን መጎተትም ጥቅም የለውም፤ ወተቱ ያለው ከኋላው ነው። የመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ምንም ላይወጣ ይችላል፤ ከዚያ ጠብታ፣ ከዚያ ቀጭን ጅረት ይመጣል። አንዱ ቦታ ሲቀንስ ጣቶችሽን ዙሪያውን አዙሪ፤ በብብት በኩል ያለውን ክፍል አትርሺ፤ ብዙ ወተት የሚቀርበት ቦታ ነው።

በፓምፕ የምታልቢ ከሆነ ወተቱ አንሷል ብለሽ ከመደምደምሽ በፊት ዕቃውን ፈትሺ። ሁለቱን ጎኖች አቀያይሪ፦ የቀኙን ማለቢያ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ግጠሚ። ትንሽ ውጤቱ ከዕቃው ጋር አብሮ ወደ ሌላው ጡት ከሄደ ጥፋቱ የጡትሽ አይደለም፤ ያረጀ ወይም የተቀደደ ቫልቭ (ትንሿ የፓምፑ ላስቲክ) ነው፣ ቀይሪው። ጡት ላይ የሚደፋው የፓምፑ አፍ ልኩም በሁለቱ ጡቶች ሊለያይ ይችላል። የጡትሽን ጫፍ ስፋት በሚሊ ሜትር ለኪ፤ የፓምፑ አፍ ቀዳዳ ከዚያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሰፋ ይበል። ከጠበበ ጫፉ ይፋተጋል፤ ከሰፋ በጫፉ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክፍል ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ያብጣል፣ ወተቱም ይቀንሳል። አሜሪካ ያላችሁ እናቶች ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት የጤና መድናችሁን ጠይቁ፤ አብዛኛዎቹ መድኖች ፓምፕ የመሸፈን ግዴታ አለባቸው። ደግሞም ልጅ ከፓምፕ የተሻለ ይጠባል፤ በፓምፕ የወጣው መጠን ጡቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አያሳይም።

ትልቁን ጡት ችላ ማለት በዚህ ሂደት ከሚፈጠሩ ችግሮች ሁሉ የከፋው ነው። ትንሹን ለማሳደግ ተብሎ ትልቁ ቀኑን ሙሉ ሳይጠባ ከዋለ ያጋታል፣ ይጠጥራል፣ ከዚያም ይቆጣል። ትንሹን ሁለት ጊዜ፣ ትልቁን አንድ ጊዜ እያሉ መጀመር ይቻላል፤ ትልቁ ከተወጠረ ግን ውጥረቱ እስኪቀል ብቻ ጥቂት እለቢ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት። ሙሉ በሙሉ ካለብሽው ያንኑ ያህል ይተካልና ልዩነቱ ይሰፋል። “ብዙ የሚሰጠው እሱ ነው” እያሉ ትልቁን ብቻ ማለብም ወደዚያው ይወስዳል። ሥራ የሚጀምሩ እናቶች ላይ ይኼ በብዛት ይታያል፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ በተገኘችው አጭር ጊዜ የሚታለበው ቶሎ የሚሞላው ጡት ይሆናል። በትንሹ ጀምሪ፣ ከቻልሽ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እለቢ። የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል።

ልጅሽ እየጠገበ መሆኑን የጡትሽ መጠን አይነግርሽም። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ፣ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በቀን ቢያንስ ስድስት ጊዜ ሽንት መሽናቱ፣ የወረደውን የልደት ክብደቱን በሁለት ሳምንት መመለሱ፣ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመሩ ነው ምስክሩ። ክብደቱን ጤና ጣቢያ አስመዝኚ፤ በተቻለ መጠን በአንድ ሚዛን፣ ያለ ልብስ። ይኼ ሁሉ ደህና ከሆነ አንዱ ጡት ምንም ቢያንስ የዱቄት ወተት የሚያስጨምር ምክንያት የለም። አንድ ጡት ብቻውን አንድ ልጅ ማሳደግ ይችላል፤ መንታ የምታጠባ እናት እያንዳንዱን ልጅ በአንድ ጡት መጠን ነውና የምታሳድገው።

ሐኪም ጋ ሳትዘገዪ የምትሄጂበት ጊዜ ግን አለ። ጡትሽ በአንድ በኩል ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ማጥባቱን አታቁሚ፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ዕረፍትና ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይረዳሉ። በ24 ሰዓት ካልተሻለሽ ፀረ ባክቴሪያ ሊያስፈልግሽ ይችላል። በኃይል ማሸት እብጠቱን ያባብሳል፤ እናትሽም ሆኑ ጎረቤት ለማሸት ቢነሱ በአክብሮት እምቢ በዪ። ከጠባ በኋላም ሆነ ከቀናት በኋላ የማይጠፋ ጠጣር እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የሆነ ቆዳ፣ ድሮ ያልነበረ የጡት ጫፍ መግባት፣ ከአንድ ጡት ብቻ የሚወጣ ደም፣ ወይም ልጁ ሲወደው የነበረውን አንድ ጡት ያለምክንያት እምቢ ማለቱ ከቀጠለ “ወተት ነው፣ ያልፋል” ተብሎ መተው የለበትም። አልትራሳውንድ ለሚያጠባ ጡት ምንም ጉዳት የለውም፤ ለምርመራው ብለሽ ልጁን ማስጣልም አያስፈልግሽም።

ለመልኩ ለምትጨነቂ፣ ጡት መያዣ ስትገዢ ትልቁን ጡት ለክተሽ ሽቦ የሌለውን ምረጪ፤ በትንሹ በኩል ብቻ ተነቃይ ስፖንጅ አስገቢበት። ትልቁን አጥብቆ የሚይዝ ጡት መያዣ ቱቦዎቹን ይጫንና ወተቱን ያቁራል። ልጁ ጡት ሲተው ልዩነቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ ብዙዎችም ወደ ቀድሞ መጠናቸው ይመለሳሉ። ጡት ስታስጥዪውም በየሦስት አራት ቀኑ አንድ የማጥቢያ ጊዜ እየቀነስሽ ሂጂ፤ ትልቁ ጡት ቶሎ ስለሚወጠር መጨረሻ የምትተዪው እሱን ይሁን።